ሲያለቅሱ ዘፈኑን አታጥፉት

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቅ አንድ ነርሲንግ ሆም ነው። ሥራዬ ጂ ኤን ኤ ይባላል፤ የአረጋውያን ነርስ ረዳት ማለት ነው። አረጋውያንን አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አበላለሁ፣ አስተኛለሁ። እዚህ አካባቢ ያላችሁ ሐበሾች ሥራውን በደንብ ታውቁታላችሁ። ራሳችሁ ባትሠሩት እህታችሁ ወይ ጓደኛችሁ ትሠራዋለች። ይህን የምጽፈው በተለይ የመርሳት ሕመም ካለባቸው ሰዎች ጋር ለምትውሉ ነው። አገር ቤት እናት ወይ አባት እየረሱባችሁ ከሆነም የሚጠቅማችሁ ነገር ታገኙበታላችሁ።

የምጽፈው ስለ አንድ ዘፈን ነው። አሮጌ የአሜሪካ ዘፈን ነው። ርዕሱ «ዶና»፣ ዘፋኙ ሪቺ ቫለንስ። ልጅቷ ጥላው የሄደች ጎረምሳ ስሟን እየጠራ ያንጎራጉራል። ርዝመቱ ሁለት ደቂቃ ከምናምን ቢሆን ነው።

አንዲት ሴት ነበሩ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ለውጫለሁ፣ ስማቸውንም አልጽፍም። እማማ ልበላቸው። በልቤም የምጠራቸው እንደዚያው ነበር። ዕድሜያቸው ሰማንያን አልፏል። እኔ እሳቸው ክፍል ስመደብ ንግግር ከድቷቸው ነበር። «አይ»፣ «ቤቴ»፣ «እናቴስ?» ይላሉ፤ ከዚያ ያለፈ አይወጣቸውም። ቀን ቀን በመስኮት እያዩ ይውላሉ። ጀንበር ማዘቅዘቅ ስትጀምር ግን ይነሳሉ። በር በሩን ማየት ይጀምራሉ። ይጨንቃቸዋል።

የሻወር ቀናቸው ማክሰኞና ዓርብ ነበር። ሁለቱን ቀናት እሳቸውም እኔም እንፈራቸው ነበር። ልብሳቸውን ልነካ ስል የበሩን እጀታ ጨምድደው ይይዛሉ። ይቧጭራሉ። ክንዴ ላይ የአንዱ ቀን ሰንበር ሳይጠፋ የሌላው ይደረባል። መዝገባቸው ላይ «እንክብካቤ አይቀበሉም» ተብሎ ተጽፏል። እማማ ግን ክፉ ሰው አልነበሩም። የማያውቁት ሰው፣ በማያውቁት ቤት፣ ልብሳቸውን ሊያወልቅ ሲታገላቸው ነው የሚታያቸው። በእሳቸው ቦታ ሆኖ ማን አይቧጭርም?

በማታው ሺፍት አብራኝ የምትሠራ አንዲት የፊሊፒንስ ነርስ አለች። በዚህ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይታለች። አንድ ማታ ክንዴን አየችና «እኚህ ሴትዮ 16 ዓመት የሞላቸው መቼ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄው ግራ ገባኝ። እኛ ጋ በየክፍሉ በር አጠገብ «ስለ እኔ» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ሄጄ አየሁት። የተወለዱት በፈረንጆች 1942፣ ፔንሲልቬንያ። የባለቤታቸው ስም፣ የልጃቸው ስም፣ የሚወዱት ምግብ። ስለ ዘፈን ምንም የለም። ደመርኩ። 1958 ወጣ። «በይ የዚያን ዓመትና የሚቀጥለውን ዓመት ዘፈኖች ፈልጊ» አለችኝ።

ምክንያቱን በኋላ ሥልጠና ላይ ሰማሁት። ሰው ሲያረጅ ካለፈው ሕይወቱ አጥብቆ የሚያስታውሰው ከ10 እስከ 30 ዓመቱ ገደማ ያየውንና የሰማውን ነው። የዚያን ጊዜ ዘፈን ደግሞ ጠልቆ ይቀመጣል። አልዛይመር ንግግራቸውን ከወሰደባቸው በኋላ እንኳ ዜማ፣ አንዳንዴም ከነግጥሙ፣ የሚተርፍላቸው ብዙ ናቸው። «ውሃ ስጡኝ» ማለት ያቃተው ሰው ቁጭ ብሎ ሲዘፍን ታያላችሁ። ላላየው ሰው ማመን ይከብዳል።

መጀመሪያ ኤልቪስ ፕሪስሊን ከፈትኩላቸው። ፊታቸውን አዞሩ። በማግስቱ ፈጠን ያለ የዳንስ ዘፈን ሞከርኩ። ጆሯቸውን ያዙ። በሦስተኛው ማታ «ዶና»ን ከፈትኩ። እኔ ራሴ ከዚያ በፊት ሰምቼው አላውቅም።

ዘፈኑ የሚጀምረው በስም ነው። ልጁ «ኦ ዶና» እያለ ይጠራታል፤ አንዴ ብቻ ጠርቶ አይተዋትም፣ ይደጋግመዋል። እማማ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ነጭ ፎጣ አለ። መጀመሪያ የተንቀሳቀሰው የቀኝ እጃቸው ሌባ ጣት ነው። የፎጣውን ጠርዝ መታ መታ ማድረግ ጀመረ። ምቱን አልሳተም። ቀጥሎ ከንፈራቸው ክብ ሆነ። «ኦ» አሉ። ከዚያ የሚቀጥለውን ስንኝ ከነቃሉ አወጡት። ድምፃቸው የሳሳ ነው፤ ዜማው ግን ልክ ነው። እማማ አንድ ነገር ጀምረው እስከ መጨረሻው ሲሉ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ወዲያው እንባቸው ወረደ። ሳግ የለው፣ ድምፅ የለው። ዝም ብሎ ይወርዳል።

ዘፈኑን አጠፋሁት።

«ይቅርታ እማማ፣ ይቅርታ» አልኳቸው። ስልኩን አዩት። እኔን አዩኝ። እጅጌዬን ያዙና አፋቸውን ከፈቱ፤ ቃሉ አልመጣላቸውም። ያን ማታ እራት አልበሉም። የሌሊት ተረኛዋ በማግስቱ ስትነግረኝ እስከ እኩለ ሌሊት በሩን ሲደበድቡ ነው ያመሹት። ዘፈኑ ረብሿቸዋል ብለን ደመደምን። እኔም ሁለት ሳምንት ያህል ደግሜ አልከፈትኩትም።

ስህተት ነበር። እማማን የረበሻቸው የዘፈኑ መቋረጥ ነው።

ይህ የገባኝ ለቅሶ ቤት ነው። የምናውቃት ልጅ እናቷ አዲስ አበባ አርፈውባት መርዶ ሲነገራት አብሬ ነበርኩ። አንዲት ወጣት ተንደርድራ ሄዳ «በቃ፣ በቃ፣ አታልቅሺ» እያለች አቀፈቻት። አንድ ትልቅ ሴት ከጥግ ተቆጡ። «ተያት ልጄ! ታልቅስ፤ ይውጣላት።» ያን ሰዓት እማማ ፊቴ ላይ ድቅን አሉ። ይህን እኮ እኛ ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። ኀዘን ሆድ ውስጥ ሲቀር ያሳምማል ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። እኔ ሙሾ የሚወጣበት፣ አስለቃሽ የምትጠራበት አገር ልጅ ነኝ። ታዲያ እማማ ላይ ሲደርስ ለምን ጠፋብኝ?

ብዙ አሰብኩበት። ያጠፋሁት ለራሴ ብዬ ነው። ደሴ እያለሁ እኔም የምጠራው ስም ነበረኝ። የጦሳን ተራራ ጉም ሲሸፍነው ከትምህርት ቤት አብረን ቁልቁል እንወርድ ነበር። ዲቪ ደረሰኝ፣ መጣሁ። ሁለት ዓመት በስልክ ካርድ ተነጋገርን። ከዚያ እሱም ዝም አለ፣ እኔም ዝም አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም ነበር። የእማማ እንባ ሲወርድ የእኔ ሆድ ነው ባር ባር ያለው። ብዙ ጊዜ የሚያለቅስ ሰው ዝም የምናሰኘው እኛ ስለማንችለው ነው። እጃችሁ ዘፈኑን ሊያጠፋ ሲሄድ ያዝ አድርጉትና ጠይቁ። የጨነቀው ማን ነው? እሳቸው ናቸው ወይስ እኔ ነኝ?

በነዚያ ሁለት ሳምንታት ስለ ዘፋኙ አነበብኩ። ማንበቤ ጠቅሞኛል።

ሪቺ ቫለንስ ሙሉ ስሙ ሪቻርድ ቫለንዙዌላ ነው። በ1941 ተወለደ። ያደገው ሎስ አንጀለስ፣ ፓኮይማ በሚባል ሰፈር፣ ዘራቸው ከሜክሲኮ ከሚመዘዝ ቤተሰብ ነው። ዘፈኑን የጻፈው ለትምህርት ቤት ጓደኛው ለዶና ሉድቪግ ነው። በ1958 ሸክላው ሲወጣ በአንዱ ገጽ «ዶና»፣ በሌላው «ላ ባምባ» ነበር። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው «ላ ባምባ»ን ነው። ያን ጊዜ ግን የአሜሪካ ልጆች የበለጠ የወደዱት ይሄን እንጉርጉሮ ነው። ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ እስከ 2ኛ ደረጃ ወጥቷል። «ላ ባምባ» 22ኛ ላይ ቀርቷል።

ልጁ አውሮፕላን ይፈራ ነበር። በ1957 መጀመሪያ ሁለት አውሮፕላኖች አየር ላይ ተጋጭተው ስብርባሪያቸው የትምህርት ቤቱ ግቢ ላይ ወደቀ። ተማሪዎች ሞቱ። እሱ የዚያን ቀን አያቱን ሊቀብር ሄዶ ነው የተረፈው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከነዘፋኙ ቡዲ ሆሊ ጋር በብርድ ወራት በአውቶቡስ እየዞረ ይዘፍን ነበር። የአውቶቡሶቹ ማሞቂያ ይበላሻል፤ ብርዱ አይቻልም። ቡዲ ሆሊ ትንሽ አውሮፕላን ተከራየ። ሪቺ መቀመጫውን ያገኘው ከጊታር ተጫዋቹ ከቶሚ አልሰፕ ጋር ሳንቲም ተጣጥለው ነው። እሱ አሸነፈ። ፌብሩዋሪ 3 ቀን 1959 ሌሊት አውሮፕላኑ አዮዋ ውስጥ፣ ክሊር ሌክ አቅራቢያ ወደቀ። በእኛ አቆጣጠር ጥር 26 ቀን 1951 ዓ.ም. ነው። ቡዲ ሆሊ፣ ሌላው ዘፋኝ ጄ ፒ ሪቻርድሰን፣ ሪቺና አብራሪው፣ አራቱም ሞቱ። ሪቺ 17 ዓመቱ ነበር።

አሁን እማማን አስቧቸው። እኩያው ናቸው። በዚያ የብርድ ወራት ዘፈኑ በየሬድዮው ሲሰማ ዘፋኙ በሕይወት የለም። ልጅቷን ያጣ ልጅ ስሟን ይጠራል፣ ጠሪውም ሄዷል። ያን ጊዜ 16 ዓመት የሆናት ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ትረሳዋለች?

ዘፈኑ ራሱ ቀላል ነው። ሦስት ኮርድ የሚችል ጀማሪ ጊታር ተጫዋች ይጫወተዋል። ቃሉም የልጅ ቃል ነው። አንዲት ልጅ ነበረችኝ፣ ሄደችብኝ፣ ያለሷ ምን ልሁን ነው ነገሩ። ትልቅ ሰው ቢጽፈው ያሳምረው ነበር። እሱ አላሳመረውም። እኔ በጣም የምወደው ይህንኑ ነው። የእኛ ትዝታ ሰምና ወርቅ አለው፣ እያዞረ ይወጋል። ይሄኛው ቀጥ ብሎ ስም ይጠራል። የመርሳት ሕመም ላለበት ሰው ቀጥ ያለው ይቀርባል መሰለኝ። የሚፈታ ነገር የለውም።

ደግሜ የከፈትኩት ማክሰኞ ማታ ነው። በዚህኛው ጊዜ ተዘጋጅቼ ነው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። እጃቸውን አልያዝኩም። የእኔን እጅ መዳፉን ወደ ላይ አድርጌ ፍራሹ ላይ አኖርኩት። ከፈለጉ ይይዙታል፣ ካልፈለጉ ይተዉታል። ዘፈኑ ጀመረ። ጣታቸው መታ መታ አለ። እንባቸው መጣ። ዝም አልኩ። «አይዞዎት» እንኳ አላልኩም። አለቀ፤ ደግሜ ከፈትኩ። በሦስተኛው ላይ እጄን ያዙና አንድ ስም ጠሩ።

የወንድ ስም ነው። የባለቤታቸው ስም አይደለም። የባለቤታቸው ስም በር ላይ ተጽፏል፣ ፎቷቸውም ኮሞዲኖው ላይ አለ።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ለማንም ነግሬው አላውቅም።

«ዳንስ» አሉ ቀጠሉና። ትንሽ ቆይተው «ሄደ» አሉ። «ሄደ?» አልኳቸው። «ሄደ» አሉ። በፎጣው ጠርዝ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጠርገው ቀና ሲሉ ያየሁት ፊት የሌላ ሰው ነው የሚመስለው። ዕርፍ ያለ። ያን ማታ አንድም ሳይቧጭሩ ታጠቡ።

እንግዲህ ስለ አጠባቡ ልንገራችሁ፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ይህንን ነው። ዘፈኑን ገላ ቤት ገብቼ አልከፍትም። አልጋቸው ላይ እያሉ፣ ልብስ ሳይነካ ነው የምከፍተው። አንዴ ይሰሙታል፣ ከፈለጉ ያለቅሳሉ። ከዚያ ትከሻቸው ላይ የሞቀ ፎጣ ጣል አድርጌ እንሄዳለን። የምጀምረው ከእግር ነው። ፊትና ፀጉር መጨረሻ ላይ ይሁን፤ ውሃ ፊታቸው ላይ ሲወርድ ነው የሚደነግጡት። ፎጣው ሁልጊዜ ላያቸው ላይ ነው፤ የማጥበውን ቦታ ብቻ ገለጥ አደርጋለሁ። የመስሚያ መሣሪያ ካላቸው ገላ ቤት ስለሚወልቅ ስልኩን ቀረብ አድርጉት። ድምፁን ከልክ በላይ አትጨምሩት፤ ይረብሻል። እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ አብሬ አንጎራጉራለሁ። እንግሊዝኛዬ እንደ ተወላጅ አይደለም። ለዜማ ግድ የለውም። እማማ ዓይናቸውን ከከንፈሬ ላይ አይነቅሉም ነበር።

የዘፈን ዝርዝር አትክፈቱ። አንድ ዘፈን፣ ደግማችሁ ደጋግማችሁ። እኛ ይሰለቸናል፤ እሳቸው ግን ሁሌም አዲስ ነው የሚሆንላቸው።

አንድ ዓርብ ከባድ ነገር ደረሰብኝ። ዘፈኑን በነጻ ከሚሰማበት አፕ ነበር የከፈትኩት። እማማ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው እግራቸውን እያጠብኩ ሳለ ዘፈኑ አለቀና ማስታወቂያ ገባ። የመኪና ኢንሹራንስ። ሰውየው ይጮኻል። እማማ ደንግጠው ሊነሱ ሲሉ እርጥቡ ወለል አንሸራተታቸው። ደግፌ ያዝኳቸው፤ አልወደቁም። ግን ለአንድ ወር ገላ ቤቱን ፈሩት። ዘፈኑን ገዝታችሁ ስልካችሁ ላይ አውርዱት። ኢንተርኔቱን አጥፉት፣ ጥሪም እንዳይገባ አድርጉ። ለአንድ ዘፈን የሚወጣው ገንዘብ ትንሽ ነው።

ሁሉም ለቅሶ ግን አንድ አይደለም። ይህን አስተውሉልኝ። ዝም ብሎ የሚወርድ እንባ፣ የላላ ትከሻ፣ ምቱን የሚከተል ጣት ወይ እግር ካያችሁ ተዉት። እጅ ከተጨበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ዓይን በር መፈለግ ከጀመረ ድምፁን ቀስ በቀስ ቀንሱ። ድንገት አትቁረጡት። ፊትን የሚያጨማድድ፣ ከሰውነት አንድ ቦታ በእጅ የሚያስይዝ ለቅሶ ሕመም ሊሆን ይችላል፤ ነርሷን ጥሩ። እኛ ጋ አንድ አባት አሉ፣ ቬትናም የዘመቱ። ዓመታቸውን ደምሬ የ1968 ዘፈን ከፈትኩላቸው። ልክ ነኝ ብዬ ነበር። ጠረጴዛ ሥር ሊገቡ ሞከሩ። ለእሳቸው የዚያ ዓመት ዘፈን ጦርነት ነው። ልጃቸውን ቀድሜ ብጠይቅ ኖሮ ይነግረኝ ነበር። አሁን ከዘመቻው በፊት፣ ልጅ እያሉ ቤተ ክርስቲያን የዘመሩትን ነው የምንከፍትላቸው። ስለዚህ ዓመት መደመር መጀመሪያ ነው እንጂ በቂ አይደለም። ቤተሰብ ጠይቁ። የሠራውንም ያልሠራውንም ለነርሷ ነግራችሁ ኬር ፕላኑ (የእንክብካቤ ዕቅዳቸው) ላይ አስጽፉ። እናንተ እረፍት ስትወጡ የምትተካችሁ ሰው ከዜሮ እንዳትጀምር።

ቪዲዮ አታንሱ። እማማ ሲዘፍኑ ያየ ሁሉ «ቲክቶክ ላይ ብትለቂው» ይለኝ ነበር። በሕግም ክልክል ነው፣ ሥራም ያሳጣል። ከዚያ በላይ ግን ሰው ገላውን ሊታጠብ ተቀምጦ ያለቀሰው ለቅሶ የራሱ ነው።

የእማማ ልጅ እሑድ እሑድ ትመጣለች። እናቷ ሲዘፍኑ ያየች ቀን ቆማ ቀረች። በሕይወቷ እናቷ ሲዘፍኑ ሰምታ አታውቅም። እንባቸው ሲወርድ እጇ ወደ ስልኩ ሄደ። «ተዪው» አልኳት፤ ተወችው። ኋላ ላይ «ስለ ምን እያሰበች ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። «ስለ ልጅነታቸው ይመስለኛል» አልኳት። ውሸት አይደለም። ስሙን ግን አልነገርኳትም። ልክ ሠርቻለሁ ወይ ብዬ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄያለሁ። እማማ ከባለቤታቸው ጋር ረጅም ዕድሜ በሰላም ኖረዋል። ያንን ስም ለልጃቸው ሊነግሩ ቢፈልጉ ኖሮ ደኅና በነበሩ ጊዜ ይነግሯት ነበር። በእኔ እጅ የገባው አእምሯቸው በር መዝጋት ስላቃተው ነው። የተከፈተ በር አይቼ ከሰው ቤት ዕቃ አላወጣም። በዚህ ሥራ የምትሰሙት ምስጢር ብዙ ነው። ያዙላቸው።

ከእማማ የተማርኩትን ለእናቴ ተጠቀምኩበት። እናቴ ደሴ ናት። ካለፉት ሦስት ዓመታት ወዲህ ትረሳለች። በቪዲዮ ስንገናኝ «ልጄ መቼ ነው የምትመጣው?» ብላ እኔኑ ትጠይቀኛለች። የተወለደችው በ1945 ዓ.ም. ነው። ደመርኩ፤ 16 የሞላት በ1961 ነው። ዓለማየሁ እሸቴ እንደ ኤልቪስ ፀጉሩን አበጥሮ የሚዘፍንበት፣ ጥላሁን ገሠሠ ሬድዮ ላይ ሲመጣ ሰው ሥራ የሚፈታበት ዘመን ነው። ወንድሜን የጥላሁንን እንዲከፍትላት ነገርኩት። «ዐቢይ ጾም ነው፣ ትቆጣለች» አለኝ። እውነቱን ነው። እናቴ በጾም ዘፈን አትሰማም፤ ሌላውን ብትረሳ ይህን አትረሳም። እስከ ፋሲካ ውዳሴ ማርያም ከፈተላት፣ አብራ አደረሰች። ከፋሲካ በኋላ ጥላሁንን ከፈተ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ወንድሜ ደንግጦ ስልኩን ወደ እኔ አዞረ። «አታጥፋው» አልኩት። «ታልቅስ፤ ይውጣላት።» ሲያልቅ እናቴ በስሜ ጠራችኝ። በማግስቱ ረስታኛለች፤ ያን ቀን ግን ጠርታኛለች።

እናት አባታችሁ ገና ደኅና ከሆኑ ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቋቸው። 16 ዓመትሽ ላይ ምን ነበር የምትሰሚው? ማን ቤት ነበር ሬድዮ ያለው? ቢያፍሩም አታቋርጧቸው፣ ይናገራሉ። የሰማችሁትን ጻፉት። እኔ የእናቴን ሳልጠይቅ ነው የዘገየሁት። ጥላሁንን ያገኘሁት በግምት ነው። ከጀርባው ያለውን ታሪክ አላውቅም፤ አሁን እሷም አትነግረኝም።

እማማ ባለፈው ዓመት አረፉ። ከማረፋቸው ጥቂት ወራት በፊት፣ አንድ ዓርብ ማታ፣ እንደ ልማዳችን አልጋው ጫፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ዘፈኑ አለቀ። ስሙን ጠሩ። እንባቸውን ጠረጉ። ፎጣውን ላነሳ ስል ወደ እኔ ዞረው «ያንቺስ?» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። «ምን አሉኝ እማማ?»

«ያንቺስ?» አሉ ደግመው።

በሩን አየሁ። ዝግ ነው። ነገርኳቸው። ያ ስም ከሃያ ዓመት በላይ አፌ ውስጥ አልገባም ነበር፤ ስጠራው ድምፄ ሸሸኝ። እማማ ተቀብለው ደገሙት። መሐል ላይ ያለችው «ጸ» ለምላሳቸው ከበደች፣ «ሰ» አደረጓት። ሁለቴ ጠሩት። ከዚያ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው ፍራሹ ላይ፣ በመካከላችን አኖሩልኝ።

ያዝኩት።